አፍና ድምፅ፦ በሲኒማ ውስጥ የመገጣጠማቸው ታሪክ

በገጠር ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ከሸለቆው ማዶ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ሲታይ፣ ድምፁ የሚሰማው ምሳሩ ከግንዱ ላይ ካረፈ በኋላ ነው፤ አንዳንዴም ፈላጩ ምሳሩን መልሶ ሽቅብ ባነሣበት ቅጽበት የቀድሞው ምት ገና ይደርሳል። መብረቅና ነጐድጓድም እንዲሁ ናቸው። ብርሃን ወዲያው ይደርሳል፤ ድምፅ ግን በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ብቻ እየተጓዘ ኋላ ይቀራል። ዐይንና ጆሮ ከአንዱ ድርጊት የሚነሣውን ወሬ በሁለት መንገድ ይቀበላሉ፤ ሁለቱን አስታርቆ አንድ ነገር የሚያደርጋቸው የሰው አእምሮ ነው።

ሲኒማ ይህን የማስታረቅ ሥራ በመሣሪያ ላይ ጣለው። ምስሉን የሚይዘው ካሜራ ነው፤ ድምፁን የሚይዘው ሌላ መሣሪያ ነው። ሁለቱ የተለያየ ሞተርና የተለያየ ፍጥነት አላቸው። የያዙትን መልሶ ማጋባት የፊልም አቀናባሪው ፋንታ ይሆናል። የሞያው ሰዎች ከፈረንጅኛው ቆርጠው «ሲንክ» ይሉታል። በአማርኛ መገጣጠም ብንለው ይበቃል፤ እንዲያውም ይሻላል፤ «ግጥም» የሚለው ቃላችን የተገኘው ከዚሁ ሥር ነውና። ቤት ያልመታ ስንኝ ጆሮን እንደሚጎረብጠው ሁሉ፣ ከአፍ ቀድሞ ወይም ከአፍ ዘግይቶ የሚደርስ ቃልም ተመልካቹን ይጎረብጠዋል።

ይህ ጉዳይ ብዙውን ጊዜ ለቴክኒክ ሠራተኞች ብቻ የተተወ ነው። ደራሲውና አዘጋጁ ስለ ታሪኩና ስለ ትወናው ሲከራከሩ፣ ድምፅና ምስል መግጠም አለመግጠሙ ጓዳ ውስጥ የሚያልቅ ሥራ ተደርጎ ይታያል። ይህ ጸሐፊ በዚህ አይስማማም። በፊልም ላይ ማን በገዛ አፉና በገዛ ቋንቋው ይናገራል፣ ስለ ማንስ ሌላ ሰው ይናገርለታል የሚለው ጥያቄ ለብዙ ዓመታት ምላሽ ያገኝ የነበረው በመሣሪያ ክብደትና በሞተር ፍጥነት ነበርና። ስለሆነም ታሪኩን ከሥሩ ጀምሮ ማየት ይጠቅማል። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው በቫዮሊን ነው። ቶማስ ኤዲሰን በ1877 ፎኖግራፍን ከሠራ በኋላ፣ ፎኖግራፍ ለጆሮ ያደረገውን ለዐይን የሚያደርግ መሣሪያ ለመፍጠር አሰበ። ሥራውን የያዘለት ረዳቱ ዊልያም ኬኔዲ ሎሪ ዲክሰን ነበር። ከዚህ እንደምንረዳው፣ ተንቀሳቃሽ ምስል ገና ሲታሰብ የታሰበው ከድምፅ ጋር ነው፤ «ድምፅ አልባ ፊልም» የሚባለው ዘመን ሐሳቡ ከመሣሪያው ቀድሞ በመሄዱ የተፈጠረ የጥበቃ ጊዜ ነበር ማለት ይቻላል። በ1894 መጨረሻ ወይም በ1895 መጀመሪያ ላይ፣ በኒው ጀርሲ ዌስት ኦሬንጅ በሚገኘው የኤዲሰን የሥራ ቦታ፣ ዲክሰን ራሱ ከአንድ ትልቅ የድምፅ ቀንድ ፊት ቆሞ ቫዮሊን ሲጫወት፣ ሁለት ወንዶች ተያይዘው ሲደንሱ ተቀረጹ። የሚጫወተው ዜማ ፈረንሳዊው ሮበርት ፕላንኬት ከደረሰው «የኮርንቪል ደወሎች» ከተባለው ኦፔሬታ የተወሰደ ነው። ፊልሙ 17 ሴኮንድ ያህል ብቻ ነው። ድምፁም በዚያው ጊዜ በሰም በርሜል ላይ ተቀዳ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ተለያዩ። ፊልሙ በአንድ በኩል ድምፅ አልባ ሆኖ ተቀመጠ፤ የሰሙ በርሜል ደግሞ ተሰብሮ በሌላ ዕቃ ቤት ተጋደመ። በርሜሉ ተጠግኖ ድምፁ የተወሰደው በ1998 ነው። ከዚያም ወልተር መርች የተባለው ስመ ጥሩ የፊልምና የድምፅ አቀናባሪ ሁለቱን በኮምፒዩተር ላይ አገናኛቸው። ሥራው ግን ሁለቱን ከአንድ መነሻ ላይ አስቀምጦ በመልቀቅ የሚያልቅ አልሆነም። ፊልሙ የተቀረጸው በሴኮንድ ወደ 40 በሚጠጉ ነጠላ ምስሎች በመሆኑ፣ በኋላ ዘመን በተለመደው ፍጥነት ሲታይ የቫዮሊኑ ደጋን ከዜማው ጋር ፈጽሞ አይሄድም። ምስሉ ወደ ራሱ ፍጥነት ሲመለስ ግን ደጋኑ ከክሩ ጋር ገጠመ። ከመቶ ዓመት በላይ ተለያይተው የኖሩ እጅና ድምፅ እንደገና አንድ ሰው ሆኑ።

በዚህች አጭር ፊልም ውስጥ የነገሩ ችግር በሙሉ አለ። ድምፅና ምስል በሁለት ዐይነት መንገድ ይጣላሉ። አንደኛው የመነሻ ጥል ነው፤ ድምፁ ከመጀመሪያው ዘግይቶ ወይም ቀድሞ ከተነሣ፣ እስከ መጨረሻው በዚያው ልክ ተዛንፎ ይሄዳል። ይህ ሲታወቅ በአንድ ግፊት ይስተካከላል። ሁለተኛው የጉዞ ጥል ነው፤ እኩል ተነሥተው አንዱ ከሌላው በጥቂቱ ይፈጥናል፤ በመጀመሪያው ደቂቃ የማይታየው ልዩነት በሠላሳኛው ደቂቃ ፈጦ ይወጣል። አንዱን ጫፍ ቢያስተካክሉት ሌላው ጫፍ ይፈታል። የመቶ ሠላሳ ዓመቱ ታሪክ በአብዛኛው ከዚህ ከሁለተኛው ጥል ጋር የተደረገ ትግል ነው።

በመካከሉ የተሞከረው ብዙ ነው። በ1900 በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሣራ በርናር የሐምሌትን የሰይፍ ግጥሚያ ስትጫወት ከፎኖግራፍ ጋር ታይታለች። ሌዎን ጎሞን ከ1902 ጀምሮ «ክሮኖፎን» በተባለው መሣሪያው የዘፋኞችን ምስል ከሸክላ ጋር አያይዞ አሳየ። ኤዲሰንም በ1913 በረጅም ቀበቶ ማሳያውንና ፎኖግራፉን አገናኝቶ እንደገና ሞከረ። ሁሉንም የረታቸው የሰው እጅ ነው። ካሜራውም ማሳያውም በአብዛኛው በእጅ የሚዞሩ ነበሩ፤ እጅ ደግሞ ይደክማል፣ ይቸኩላል። ዐይን የእጅን መለዋወጥ ይታገሣል፤ ጆሮ ግን በዜማ ላይ የምትደርስ ትንሽ መንቀጥቀጥ እንኳ አታልፈውም።

በዚያው ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ የሰየመው የሲኒማ ቤት የማይናገሩ ሰዎችን በግድግዳ ላይ ያራውጥ ነበር። አንዱ ፊት የሌለው ድምፅ፣ ሌላው ድምፅ የሌለው ፊት። ሁለቱም በየፊናቸው ወደ አገራችን የገቡት ገና ሳይጋቡ ነው።

የመጀመሪያው የሠመረ ጋብቻ የተፈጸመው በሸክላ ነው። የዋርነር ብራዘርስ ኩባንያ «ቪታፎን» በተባለው ዘዴ በነሐሴ 1926 «ዶን ዋን» የተባለውን ፊልም ከተቀዳ ሙዚቃ ጋር አሳየ፤ በጥቅምት 1927 ደግሞ አል ጆልሰን የሚዘፍንበትንና ጥቂት የሚናገርበትን «ዘ ጃዝ ሲንገር» አወጣ። የአሠራሩ ነገር ሊገለጽ ይገባዋል። የማሳያውና የሸክላው መዘውሮች በአንድ ሞተር ይዞራሉ። ሸክላው 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ በደቂቃ 33⅓ ጊዜ የሚዞር ነው፤ የዚያ ጊዜ የዘፈን ሸክላ ከሦስትና ከአራት ደቂቃ የማያልፍ ሲሆን፣ ይህኛው 11 ደቂቃ ያህል ይጫወታል፤ ይህም የአንድ ጥቅል ፊልም ልክ ነው። መርፌው እንደ ተለመደው ከጠርዝ ሳይሆን ከመሐል ተነሥቶ ወደ ውጭ ይጓዛል። ሠራተኛው በፊልሙ ላይ «መነሻ» ተብላ የታተመችውን ምስል ከማሳያው መስኮት ላይ፣ መርፌውን ደግሞ በሸክላው ላይ ከተመለከተችው ቀስት ላይ አስቀምጦ ሞተሩን ይለቃል። እያንዳንዱ ሸክላ ሃያ ጊዜ ያህል ከተጫወተ በኋላ ይጣል ነበር፤ ስንት ጊዜ እንደ ተጫወተ ምልክት የሚደረግባቸው ትንንሽ ሣጥኖች በላዩ ላይ ታትመው ነበር።

ሁሉ በደኅና ሲሄድ ተመልካቹ ይደነቅ ነበር። ነገር ግን ፊልም ይበጠሳል። የተበጠሰ ፊልም ሲቀጠል ጥቂት ምስሎች ይቆረጣሉ፤ ሸክላው ግን አልተቆረጠም። ስለዚህ ምስሉ ከድምፁ ቀድሞ እስከ ጥቅሉ መጨረሻ ይሄዳል፤ ሰውዬው ዝም ካለ በኋላ ድምፁ ይናገራል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ በጠፉት ምስሎች ቁጥር ልክ ጥቁር ፊልም ቆርጦ መቀጠል። ተመልካቹ ለቅጽበት ጨለማ ያያል፤ ሰዓቱ ግን ይጠበቃል። ይህ ጸሐፊ በዚህ ዘዴ ውስጥ አንድ የሚያስደንቅ ሐቀኝነት ያያል፤ የጠፋውን መመለስ አይቻልምና ቦታው ብቻ ይያዝለታል። በ1952 የተሠራው «ሲንጊን ኢን ዘ ሬይን» የተባለው የሙዚቃ ፊልም ይህን ዘመን መለስ ብሎ ሲያላግጥበት፣ ድምፅና ምስል ተዛንፈው የሴቲቱ እምቢታ ከወንዱ አፍ፣ የወንዱ እሺታ ከሴቲቱ አፍ ሲወጣ ያሳያል። አዳራሹ በሣቅ ይፈነዳል። ሣቁ የቴክኒክ ጉድለትን ብቻ አይደለም የሚመለከተው፤ ቃሉ ከአፉ ሲለይ ተዋናዩ አሻንጉሊት ሆኖ ስለሚታይ ነው።

ሸክላ ሌላም ዕዳ ነበረበት፤ አይቆረጥም። ፊልም አቀናባሪ መቀሱን ይዞ የኖረበት ጥበብ በአንድ ጊዜ እጁን ታሰረ። ድምፁ ሳይቋረጥ መቀዳት ስላለበት፣ አንዱን ትዕይንት በብዙ ካሜራ በአንድ ጊዜ ማንሣት ግድ ሆነ። ካሜራዎቹ የሚያሰሙት ጩኸት እንዳይቀዳ እነርሱም አንሺዎቻቸውም በታፈነ ጎጆ ውስጥ ተዘጉ። ማይክሮፎኑ በአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ይሸሸግ ነበርና ተዋናዩ ከአበባው እንዳይርቅ ተገደደ። ሲኒማ በድምፅ አልባነቱ ዘመን ያገኘውን ቅልጥፍና ለጥቂት ዓመታት አጣ።

ለዚህ ነው በ1928 ሰርጌይ አይዘንስታይን፣ ቭሴቮሎድ ፑዶቭኪንና ግሪጎሪ አሌክሳንድሮቭ በድምፅ ላይ መግለጫ ያወጡት። ሦስቱ የሶቪየት ሠዓልያነ ፊልም ድምፅ ለምስል ታዛዥ ሎሌ ሆኖ እንዳይገባ አስጠነቀቁ፤ ይልቁንም ድምፅ ከምስሉ ጋር እየተቃረነ፣ እየተጋጨ ሁለተኛ ትርጉም እንዲሰጥ ጠየቁ። ለሰምና ወርቅ ባለቤት ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። አንድ ነገር ግን ልብ ሊባል ይገባል። ሆን ብሎ መለየት የሚችለው መግጠም የሚችል ብቻ ነው። ድምፁ ሳይታሰብ የተዛነፈበት ፊልም «ተቃርኖ ነው» ቢባል የሚያምን ተመልካች የለም።

ቀጣዩ እርምጃ ድምፁን በፊልሙ በራሱ ላይ ማተም ሆነ። በመስከረም 1922 ሦስት ጀርመናውያን «ትሪ ኤርጎን» በሚል ስም በበርሊን፣ በ1923 ሊ ደ ፎረስት በኒው ዮርክ እንዲህ ያለውን ፊልም ለሕዝብ አሳዩ፤ በ1930ዎቹ መጀመሪያም ዘዴው ሸክላውን ፈጽሞ ተካው። ማይክሮፎኑ ድምፁን ወደ ኤሌክትሪክ፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ብርሃን ይለወጣል፤ ብርሃኑም በፊልሙ ጠርዝ ላይ በቀጭን መስመር ይታተማል። ሲታይ ደግሞ ትንሽ መብራት በመስመሩ ውስጥ አልፎ ወደ ኤሌክትሪክ፣ ከዚያም ወደ ድምፅ ይመለሳል። ፊልሙ ሲቆረጥ ድምፁም አብሮ ይቆረጣልና ከቁራጩ በኋላ የሚቀጥለው ሁሉ እንደ ገጠመ ይኖራል።

ሆኖም እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። በሠላሳ አምስት ሚሊ ሜትሩ ፊልም ላይ አንዱ ቃልና ያንን ቃል የሚናገረው አፍ ጎን ለጎን አይታተሙም። ድምፁ ከምስሉ 20 ምስሎች ቀድሞ ይገኛል፤ ይህም ወደ 38 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ምስል በማሳያው መስኮት ፊት በሴኮንድ 24 ጊዜ ቆም፣ ሄድ፣ ቆም ማለት አለበት፤ አለዚያ ይደበዝዛል። ድምፅ ግን ለቅጽበት እንኳ ሊቆም አይችልም፤ ቢቆም ይንተባተባል። ስለዚህ የድምፁ ማንበቢያ ከመስኮቱ ራቅ ብሎ፣ ፊልሙ ግርግሩን ትቶ እንደ ወንዝ በሚፈስበት ቦታ ተተከለ። በአሥራ ስድስት ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ ርቀቱ 26 ምስሎች ነው። በመሆኑም የተጋባውን ፊልም ያለ ዕውቀት በመቀስ የሚቆርጥ ሰው የአንዱን አፍ ከሌላው ሰው የመጨረሻ ቃል ጋር ቆርጦ ያስቀራል።

ለዚህም ሲባል አቀናባሪዎች ድምፅና ምስልን እስከ መጨረሻው ለየብቻ ይይዟቸው ነበር። በቀረጻው መጀመሪያ ላይ የሚመታው ማጨብጨቢያ ሰሌዳ ጥቅሙ እዚህ ነው። ሁለቱ እንጨቶች የሚነካኩባት አንዲት ምስል፣ ምቱ የሚሰማባት አንዲት ነጥብ አለች፤ ሁለቱን ፈልጎ ማገናኘት ነው። በሞቪዮላም ሆነ በስቲንቤክ የቅንብር ጠረጴዛ ላይ ምስሉና ባለ ቀዳዳው የድምፅ ክር በእኩል ጥርሶች ላይ ጎን ለጎን ይጓዛሉ። በሠላሳ አምስት ሚሊ ሜትር ፊልም ለእያንዳንዱ ምስል አራት ቀዳዳ አለና፣ አቀናባሪው ድምፁን በአንዲት ቀዳዳ፣ ማለትም በሴኮንድ አንድ ዘጠና ስድስተኛ ሊያሸሽ ይችላል። እጁን በክሩ ላይ ጭኖ «ትንሽ ወደ ኋላ» የሚል አቀናባሪ ያየ ሰው፣ በገና የሚቃኝ ሰው ያየ ይመስለዋል።

ይህ ሁሉ ግን የስቱዲዮ ታሪክ ነው። መሣሪያው መኪና ሙሉ ይሆን ነበርና ወደ ጎዳናው፣ ወደ እርሻው፣ ወደ ገበያው አይወጣም። የወጡት ካሜራዎች የሚወጡት ያለ ድምፅ ነው። ከዚህ ችግር ሁለት ልማዶች ተወለዱ። አንደኛው ድምፅን በኋላ በስቱዲዮ መተካት ነው። ጣሊያኖች ከጦርነቱ በኋላ የሠሯቸው ታላላቅ ፊልሞች በዚህ መንገድ የተናገሩ ናቸው። የአዲስ አበባ ተመልካች በፍቅር ያያቸው የሕንድ ፊልሞችም ለአሥርተ ዓመታት እንዲሁ ነበሩ። የሚገርመው፣ የመጀመሪያው ተናጋሪ የሕንድ ፊልም «ዓላም አራ» በ1931 ሲሠራ ድምፁ የተቀዳው ከምስሉ ጋር በአንድ ጊዜ ነው፤ ስቱዲዮው ከባቡር ሐዲድ አጠገብ በመሆኑ ባቡር በማያልፍበት ሌሊት እየጠበቁ ይቀርጹ ነበር። በ2001 «ላጋን» የተባለው ፊልም በቦታው በተቀዳ ድምፅ ሲሠራ እንደ ትልቅ ድፍረት ተቆጥሯል።

ሁለተኛው ልማድ ተራኪው ነው። አርሶ አደሩ ይታያል፣ አፉ ይንቀሳቀሳል፤ የሚሰማው ግን በከተማ የተቀመጠ፣ ጉሮሮው የተሞረደ ሌላ ሰው ነው። የእኛንም ሆነ የሌሎችን አገሮች የድሮ ዘጋቢ ፊልሞች የተመለከተ አንባቢ ይህን ያውቀዋል። ያ አፍ ምን አለ? ምናልባት የተራኪውን ተቃራኒ ብሎ ይሆናል፤ ከእንግዲህ ሊታወቅ አይችልም።

በአፍሪካ ይህ ነገር ሥጋና ደም አለው። ፈረንሳዊው ዣን ሩሽ በአቢጃን ሠርቶ በ1958 ባወጣው «ሟ፣ ኧን ኗር» በተባለው ፊልም፣ ከኒጀር የመጡ የቀን ሠራተኞችን ያለ ድምፅ ከቀረጸ በኋላ፣ ከእነርሱ አንዱን ኡማሩ ጋንዳን በስቱዲዮ ከምስሉ ፊት አስቀምጦ በገዛ ሕይወቱ ላይ እንዲናገርበት አደረገ። ከንፈርና ቃል አይገጥሙም፤ ሰውና ቃል ግን ገጥመዋል። ጋንዳ በኋላ ራሱ የፊልም ዳይሬክተር ሆነ። ታላቁ የሴኔጋል ደራሲና የፊልም ሰው ዑስማን ሴምቤን በ1966 «ላ ኗር ደ» የተባለውን ሲሠራ፣ በፈረንሳይ አገር ገረድ ሆና የምትሰቃየው ዲዋና ሐሳቧን የምትናገረው በፈረንሳይኛ ነው፤ ድምፁም የተዋናይቷ ሳይሆን የሐይቲዋ ዘፋኝ የቶቶ ቢሳንት ነው። አፏ ከዳካር፣ ድምፅዋ ከካሪቢያን፣ ቋንቋዋ ከፓሪስ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1968 «ማንዳቢ» ሲወጣ የሴምቤን ሰዎች በወሎፍ ተናገሩ። የዳካር ተመልካች አፍና ቃል በገዛ ቋንቋው ገጥመው ሲያይ የተሰማውን መገመት አያዳግትም፤ የእኛም ተመልካች በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማነው» በአማርኛ ሲናገር ተመሳሳይ ነገር ሳይሰማው አልቀረም። ኃይሌ ገሪማም በ1974 «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በአሥራ ስድስት ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ሲቀርጽ፣ ትወና ሞያቸው ያልሆነ የገጠር ሰዎችን ከካሜራው ፊት አቁሟል።

መሣሪያውን ከስቱዲዮ ያወጣው አንድ ወጣት ፖላንዳዊ ስደተኛ ነው። ስቴፋን ኩዴልስኪ በ1951 በስዊዘርላንድ አገር «ናግራ» ያለውን መቅረጸ ድምፅ ሠራ፤ ቃሉ በፖሊሽ ቋንቋ «ይቀዳል» ማለት ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ የወጣው ሦስተኛው ናግራ ከትከሻ የሚንጠለጠል፣ በባትሪ የሚሠራ ነበር። ነገር ግን የቴፕ ክር ቀዳዳ የለውም፤ ይለጠጣል፣ ይንሸራተታል። የካሜራው ባትሪም ሲደክም ይዘገያል። ታዲያ እንዴት ይገጥማሉ? መፍትሔው ካሜራው በሚሮጥበት ፍጥነት ልክ የሚመታ፣ ለምሳሌ በአውሮፓ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመታ ምልክት፣ ከድምፁ ጎን በቴፑ ላይ መቅዳት ነው። በኋላ ድምፁ ባለ ቀዳዳ ክር ላይ ሲገለበጥ፣ መሣሪያው ምቶቹን እየቆጠረ ፍጥነቱን ያርማል። ካሜራውም ሮጠ ካሜራውም ዘገየ፣ ቴፑ የካሜራውን የልብ ምት ይዞለታል። ቀጥሎ የእጅ ሰዓት ውስጥ እንዳለው ያለ የኳርትዝ ድንጋይ በሁለቱም መሣሪያዎች ውስጥ ሲገባ፣ ሁለቱን ያስተሳስር የነበረው ሽቦ እንኳ አላስፈለገም።

ውጤቱ ወዲያው ታየ። በ1960 የሮበርት ድሩ ባልደረቦች በ«ፕራይመሪ» ላይ ኬኔዲንና ሐምፍሪን በዊስኮንሲን የምርጫ ዘመቻ ውስጥ በየአዳራሹ ተከተሏቸው። በዚያው ዓመት ክረምት ሩሽና ኤድጋር ሞረን በፓሪስ «ክሮኒክ ደን ኤቴ»ን ቀረጹ። ከዚህ ፊልም አንዱ ክፍል ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም። ማርሰሊን ሎሪዳን የተባለችው ወጣት ሴት ናግራውን በራሷ ትከሻ ተሸክማ፣ ትንሽ ማይክሮፎን ደረቷ ላይ ሸጉጣ ብቻዋን ትራመዳለች። ካሜራው በመኪና ሆኖ ከፊቷ እየሸሸ ይርቃል። እርሷ ከናዚ የግድያ ካምፕ ተርፋ ስትመለስ አባቷ አልተመለሱም፤ አሁን ለአባቷ በለሆሳስ ትናገራለች። ቀራጮቹ በዚያ ሰዓት ቃሏን አይሰሙም ነበር፤ ምን እንዳለች ያወቁት በኋላ ነው። ምስሏ እየራቀ እያነሰ ሲሄድ፣ ድምፅዋ ግን ከጆሯችን አጠገብ ይቀራል። ከዚያ በፊት ለነበረው ሲኒማ እንዲህ ያለው ነገር የሚቻል አልነበረም፤ በሰው ፊት የማይነገር ነገር ነውና፣ መኪና ሙሉ መሣሪያ ተደቅኖ ማን ይናገረዋል?

ቴሌቪዥን ሲመጣ ጥሉ ወደ ቁጥር ተለወጠ። በአውሮፓና በእኛ አገር ቴሌቪዥን በሴኮንድ 25 ምስል ሆነ፤ በአሜሪካ 30 የነበረው፣ በ1953 ቀለም ሲጨመርበት 29.97 ሆኖ ቀረ። በ24 የተቀረጸ የሁለት ሰዓት ፊልም በ25 ሲተላለፍ አምስት ደቂቃ ያህል ቀድሞ ያልቃል፤ የተዋናዩም ድምፅ በጥቂቱ ይቀጥናል። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቴፕ ላይ ለእያንዳንዱ ምስል ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ሴኮንድና የምስል ቁጥር የሚሰጥ ኮድ ገባ። በአሜሪካኖቹ 29.97 ምክንያት ይህ ሰዓት ከግድግዳው ሰዓት ጋር በየሰዓቱ 3.6 ሴኮንድ ስለሚጣላ፣ በየሰዓቱ 108 ቁጥሮች ይዘለላሉ፤ ምስል አይጣልም፣ የሚዘለለው ቁጥሩ ብቻ ነው። ወራሽ የሆነ ዕዳ ይሏል ይህ ነው።

ዛሬ በየትምህርት ቤቱና በየባህል ማእከሉ በስልክ የሚቀርጹ ወጣቶች ያንኑ የዲክሰንን ችግር ይወርሳሉ። ለዘፈን የተለመደው የድምፅ ልክ በሴኮንድ 44,100፣ ለቪዲዮ የተለመደው 48,000 ናሙና ነው፤ በኋለኛው የተቀዳ የአንድ ሰዓት ድምፅ በፊተኛው ልክ ቢነበብ 65 ደቂቃ ይፈጃል፣ ተናጋሪውም ይጎረናል። ልኩ አንድ ቢሆን እንኳ ሁለት መሣሪያዎች ከሚሊዮን 20 ክፍል ብቻ ቢለያዩ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ሁለት የሚጠጉ ምስሎች ይዛነፋሉ። ስልክ ደግሞ ብርሃን ሲያንሰው የምስሉን ፍጥነት ራሱ ይለዋውጣል፤ እንዲህ ያለውን ምስል ከቅንብር በፊት ወደ ቋሚ ፍጥነት መለወጥ ያስፈልጋል። መነሻውን ለማግኘት ግን ሰሌዳ ባይኖር በካሜራው ፊት አንዴ ማጨብጨብ ይበቃል፤ ጉዞውን ለማወቅ ደግሞ በመጨረሻም ማጨብጨብ ነው። መጀመሪያው ገጥሞ መጨረሻው ካልገጠመ ጥሉ የጉዞ ነው።

ስንት ያህል መዛነፍ ይፈቀዳል? ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ1998 ባወጣው ልክ፣ ድምፅ ከምስል በ45 ሺህኛ ሴኮንድ ከቀደመ ሰው ይነቃበታል፤ ከዘገየ ግን እስከ 125 ሺህኛ ድረስ ላያስተውል ይችላል። መዘግየት ይታገሡታል፣ መቅደም አይታገሡትም። ምክንያቱ እንጨት ፈላጩ ነው። በተፈጥሮ ዘግይቶ የሚደርስ ድምፅ ዕድሜ ልካችንን ሰምተናል፤ ከምሳሩ ቀድሞ የደረሰ ምት ግን ማንም ሰምቶ አያውቅም።

በመጨረሻ ለጸሐፌ ተውኔትና ለገጣሚ ቅርብ የሆነውን እናንሣ። ከ2016 ጀምሮ ቃና ቴሌቪዥን የውጭ አገር፣ በተለይም የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር በኪነ ጥበብ ሰዎች መካከል ብርቱ ክርክር ተነሥቷል። ክርክሩን ለጊዜው እንተወውና ሥራውን እንመልከት። በ1976 መጉርክና ማክዶናልድ የተባሉ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ «ባ» የሚል ድምፅ «ጋ» ከሚል አፍ ጋር ሲገጣጠም ሰዎች «ዳ» ይሰማሉ፤ ዐይን ለጆሮ ያዝዘዋል ማለት ነው። ስለዚህ የተርጓሚው ዋና ጠላት ከንፈር የሚዘጉት ፊደላት ናቸው፤ በ፣ መ፣ ፐ፣ ጰ። በባዕዱ አፍ ላይ ከንፈር ሲገጠም በአማርኛውም ከእነዚህ አንዱ መውደቅ አለበት፤ የቀረውን ተመልካች ይቅር ይላል። ቱርክኛ እንደ አማርኛ ግሱን ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ያደርጋልና፣ ተዋናዩ በመጨረሻ ዐይኑን ሲያፈጥ ወይም ራሱን ሲነቀንቅ የእኛም ግስ እዚያው ይደርሳል። በእንግሊዝኛ ግን ግሱ ቀድሞ አልፏል፤ በፊቱ ላይ የቀረው የእኛ ግስ ሲደርስ ባዶ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ «አዎን» ለማለት አንዳንዴ ቃል አያወጣም፤ ትንፋሹን በአጭሩ ወደ ውስጥ ይስባል፣ ቅንድቡን ጥቂት ያነሣል። በስቱዲዮ ውስጥ ተዋናዩ ይህንን በቀላሉ ሊያሰማ ይችላል። የምትገባበት ፊት ግን በኢስታንቡል በተቀረጸ ፊልም ላይ አይገኝም።